ፍርግርጉ ከውስጥ ይከፈታል ወይ?

ሲ.ኤም.ሲ አካባቢ አዲስ ቤት የሚረከብ ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚጠራው በያጅ ነው። መስኮቱ ሁሉ በብረት ፍርግርግ ይታጠራል። ሌባን መፍራት ተገቢ ነው። ነገር ግን እመቤቴ፣ ሌሊት ከማድ ቤት እሳት ቢነሳና በሩን ጭስ ቢዘጋው፣ ልጆችዎ በየት በኩል ይወጣሉ?

በየመኝታ ክፍሉ ቢያንስ አንዱ ፍርግርግ በማጠፊያ የሚከፈት እንዲሆን በያጁን ሥራው ሳይጀመር ይንገሩት። መቀርቀሪያው ከውስጥ ይሁን፤ ከውጭ እጅ እንዳይደርስበትም በላሜራ ይሸፈን። ፎቅ ላይ የሚኖሩ፣ ሕፃናትም ያሏቸው ጓጉንቸር ቢጨምሩበት ደግ ነው። ቁልፉ ግን እዚያው ክፍል፣ አዋቂ በሚደርስበት ምስማር ላይ ይዋል እንጂ ቦርሳዎ ውስጥ አይደር።

ለዋናው በር ከውስጥ ያለ ቁልፍ በእጅ የሚዞረውን መቆለፊያ ይምረጡ። በሁለቱም በኩል በቁልፍ ብቻ የሚከፈተው፣ ልጆችንና ሠራተኛዋን ቆልፎ ለመውጣት ይመቻል ይባላል። የሚያስፈራውም ይኸው ነው!

ለከባድ በር ማጠፊያው ሦስት ይሁን። ብየዳ ያረፈበትን ሁሉ ወዲያው ፀረ ዝገት ቀለም ያስቀቡት፤ የክረምት ዝናብ ያዛገው መቀርቀሪያ በጭንቅ ሰዓት አይታዘዝም። ከክረምት በፊት ዘይት ጠብ ያድርጉበትና ትልልቆቹ ልጆች በጨለማ ከፍተው ይሞክሩት።