አናፍርስ፣ እንፍታ!

መርካቶ ምናለሽ ተራን ረግጦ የማያውቅ አርክቴክት ካለ ነገውኑ ይሂድ። እዚያ የተጣመመ ሚስማር በመዶሻ ይቃናል፤ በርሜሉ ምድጃ፣ ያረጀው ጎማ በረባሶ ይሆናል። የሚጣል ነገር የለም። ዓለም ዛሬ «ዑደታዊ ኢኮኖሚ» እያለ ጉባኤ የሚጠራበትን ቁም ነገር ቆራሌው ጆንያውን ተሸክሞ በየሰፈሩ ሲጣራ ኖሯል።

ታዲያ የቢሮ ሕንጻ ሲፈርስ ኤክስካቫተሩ ቆራሌውን ለምን ይቀድመዋል? በሩ፣ የመስኮቱ ፍሬም፣ ሴራሚኩና ገመዱ ከአርማታው ጋር ተደባልቀው በገልባጭ መኪና ይጫናሉ። ሲሚንቶው እኮ የኖራ ድንጋይ ከ1,400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ተቃጥሎ የተገኘ ነው፤ ድንጋዩ ራሱ ሲቃጠል የሚለቀውን ካርቦን ንጹሕ ነዳጅ እንኳ አያስቀረውም። ያገለገለ አሉሚኒየም ማቅለጥ ደግሞ አዲሱን ከማዕድን ለማውጣት ከሚፈጀው ኃይል 5 በመቶ ገደማ ቢወስድ ነው። ይህን ሁሉ እንደ አፈር እየደፋን እስከ መቼ?

ሞተር የሚፈታ መካኒክ ብሎኑን በተራ ደርድሮ ያስቀምጣል፤ መልሶ እንደሚገጥመው ያውቃልና። ሕንጻም እንዲሁ ይፈታል። ኔዘርላንድስ ድሪበርገን ውስጥ ትሪዮዶስ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2019 የገባበትን ቢሮ አርክቴክቱ ቶማስ ራው ከእንጨት ነድፎ በ165,312 ብሎኖች አሰረው። እያንዳንዱ ዕቃ ተመዝግቧል፤ ቀኑ ሲደርስ ተፈትቶ ሌላ ቦታ ይገጠማል። «ይህ የሀብታም አገር ነገር ነው» የሚለኝን አልቀበለውም። ብሎን ማሰርና መፍታት የምናለሽ ተራ ልጆች የዕለት ሥራ ነው። የጎደለው ውሳኔ ነው፤ ውሳኔው ደግሞ በእጃችን ነው።

የኃይሉም ነገር ያንገበግበኛል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጣ ነፋሷ ራሱ ያቀዘቅዛል። እኛ ግን ፎቁን ከእግር እስከ ራሱ መስታወት እናለብሰውና የምዕራብ ፀሐይ ሲጠብሰን ኤሲ እንከፍታለን፤ መብራት ሲጠፋ ናፍጣ እናነዳለን። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ የመስታወት ሣጥን ለማቀዝቀዝ አልተሠራም፤ ዛሬም በኩራዝ የሚያመሹ ቤቶች አሉ! የሕንጻው ረጅሙ ጎን ወደ ሰሜንና ደቡብ ይዙር፤ መስኮቱ ይከፈት፣ ጥላ ይውጣለት፤ ጣሪያው ሶላር ይሸከም።

አርክቴክቶች ሆይ፣ ስትነድፉ አፈታቱንም አብራችሁ ንደፉ። መሐንዲሶች፣ ብረቱ በብሎን መታሰር ከቻለ አትበይዱት። ፎቅ የምታስገነቡ የባንክ ቦርዶች፣ የምትበደሩትም የምታበድሩትም የሕዝብ ገንዘብ ነውና በጨረታ ሰነዳችሁ ላይ ያገለገለ ዕቃ ድርሻ ይኑረው። ተከራዮች፣ ውል ከመፈረማችሁ በፊት መስኮቱ ይከፈት እንደሆነ፣ ጣሪያው ላይ ምን እንዳለ ጠይቁ፤ ጥያቄው ሲበዛ ባለሕንጻው ይሰማል። ማኅበራት፣ የሚፈርስ ሕንጻ ሁሉ አስቀድሞ ዕቃው በዝርዝር እንዲመዘገብ የሚያስገድድ ደንብ አብረን እንጠይቅ።

ለፈረሳ በቆርቆሮ የታጠረ ሕንጻ ያላችሁ ደግሞ ደንቡን አትጠብቁ። ኤክስካቫተሩ ከመግባቱ በፊት በሩን ክፈቱ፤ ቆራሌውን ጥሩት፣ አናጢውን ጥሩት፣ ኤሌክትሪሺያኑን ጥሩት። እኛም መፍቻ ይዘን እንመጣለን።