አንድ ያላት እንቅልፍ የላት፦ የንግድ ኢሜይላችን የት ይደር?

ኪሱጉና ካባላጋላ ያለን ነጋዴዎች ዋጋ የምንነጋገረው በዋትስአፕ ነው። ወረቀቱ ግን አሁንም የሚመጣው በኢሜይል ነው፦ ፕሮፎርማው፣ ኢንቮይሱ፣ ፓኪንግ ሊስቱ፣ የካርጎው ኤርዌይ ቢል፣ የባንኩ ማረጋገጫ። ስለዚህ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ ኢሜይል ስናስገባ የሚመጣውን "አይማፕ ወይስ ፖፕ?" የሚል ጥያቄ ለልጆቻችን ትተን ማለፍ የለብንም። የቴክኒክ ጥያቄ ይመስላል እንጂ የንግድ ጥያቄ ነው። ወረቀታችን የት ነው የሚያድረው?

ፖፕ እንደ ፖስታ ሳጥን ነው። ሳጥኑን ከፍተን ደብዳቤውን ይዘን ቤት እንገባለን፤ ሳጥኑ ባዶ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣ አሠራር ስለሆነ አንድ ሰው በአንድ ኮምፒውተር ደብዳቤውን እንዲያነብ የታሰበ ነው። አይማፕን ማርክ ክሪስፒን በ1986 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሳለ ሠራው። በእሱ ደብዳቤው ሰርቨሩ ላይ ይቀመጣል፤ እኛ ከስልክም ከኮምፒውተርም ያንኑ አንድ ሳጥን እናያለን።

ሐሳቤን ላስቀድም፦ ለዕለት ሥራ አይማፕ ይሻላል፤ ግን አይማፕ አለኝ ብሎ መተኛት አይገባም።

አይማፕ የሚሻልበት የመጀመሪያው ምክንያት ንግዳችን የአንድ ሰው አለመሆኑ ነው። እህት መርካቶ ሆና ዕቃ ትጭናለች፣ ባል እዚህ ይረከባል፣ ኢሜይሉ ግን አንድ ነው። በፖፕ ከሆነ ቀድሞ የከፈተ ደብዳቤውን ወስዶ ሌላው ባዶ ሳጥን ሊያይ ይችላል። ሁለተኛው ስልክ ነው። ቦዳ ላይ ሳለን ስልካችን ቢነጠቅ በአይማፕ ሌላ ገዝተን የይለፍ ቃሉን ስናስገባ ሁሉም ይመለሳል። ሦስተኛው ዳታ ነው። ኡጋንዳ ከ2021 ሐምሌ ጀምሮ በኢንተርኔት ዳታ ላይ 12 በመቶ ታክስ ጥላለች። አይማፕ ላኪውንና ርዕሱን አሳይቶ ከባዱን ፋይል ስንፈልገው ብቻ ሊያወርድ ይችላል፤ ፖፕ አብዛኛውን ጊዜ ሁሉንም ይጎትታል።

ፖፕን የሚወዱት ሰዎች ግን ያለ ነገር አይደለም። "ወረቀቴ በእጄ ይሁን" ይላሉ፤ እውነት አላቸው። በ2021 ጥር በኡጋንዳ ምርጫ ሰሞን ኢንተርኔት ለቀናት ተዘግቶ ነበር። አገር ቤትም በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ተቋርጦ ለሳምንታት ቆይቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ ሰርቨር ላይ ያለ ወረቀት እንደሌለ ነው፤ ስልክ ብዙ ጊዜ የሚይዘው የቅርቡን ብቻ ነውና። ደግሞም በአይማፕ አንዱ ያጠፋው ከሁሉም ዘንድ ይጠፋል። ጂሜይል የተጣለውን የሚያቆየው 30 ቀን ነው። በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋባይትም ከፎቶዎቻችን ጋር የተጋራ ነው፤ ሲሞላ አዲስ ደብዳቤ አይገባም። 2 ዓመት ያልተነካ አካውንትን ደግሞ ጉግል ሊሰርዘው ይችላል።

የኡጋንዳ የታክስ ሕግ በበኩሉ የንግድ መዝገብ ለ5 ዓመት እንዲቀመጥ ያዛል። ኦዲተር ሲመጣ "ኢሜይሉ ጠፋ" ማለት መልስ አይሆንም። አበው "አንድ ያላት እንቅልፍ የላት" ያሉት ለዚህም ይሠራል።

ስለዚህ የምመክረው ሁለቱንም በየቦታቸው ማድረግ ነው። ስልኮቹ ሁሉ አይማፕ ይሁኑ። ቤት ወይም ሱቅ ያለ፣ የራሳችን የሆነ አንድ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ፖፕ ይግባ፤ ነገር ግን "ቅጂውን ሰርቨሩ ላይ አቆይ" የሚለው መመረጥ አለበት። ይህ ካልተመረጠ ሌሎቹ ስልኮች ባዶ ይሆናሉ። የኢንተርኔት ካፌ ኮምፒውተር ላይ ፖፕ ማስገባት ግን የሱቅን ቁልፍ ለመንገደኛ እንደ መስጠት ነው፤ ደብዳቤያችን እዚያው ይቀራል።

አንድ ነገር እንዳይረሳ፦ ፖፕ የሚያመጣው የገባልንን እንጂ ብዙውን ጊዜ የላክነውን አይደለም። ትእዛዝ ስንልክ ለራሳችንም ግልባጭ እናድርግ። አንድ ጭነት ተረክበን ሒሳቡ ሲዘጋም ወረቀቶቹን በቀንና በአቅራቢ ስም ፍላሽ ላይ አስቀምጠን ፍላሹን ከኮምፒውተሩ ሌላ ቦታ እናኑረው።

ዛሬ ማታ ሱቅ ስትዘጉ ዳታውን አጥፉና የዓምናውን አንድ ኢንቮይስ ለመክፈት ሞክሩ። ካልተከፈተ ቅጂ የማስቀመጡን ሥራ ነገ ጠዋት ጀምሩ፤ ቀጣዩ ጭነት እስኪመጣ አትጠብቁ።