ከአሸዋው በፊት ከተማው

አማርኛችን ባሕርን የሚያውቀው ከሩቅ ነው። ከውጭ የመጣውን ሁሉ በባሕር ስም እንጠራዋለን፤ ከአውስትራሊያ የመጣውን ዛፍ «ባሕር ዛፍ»፣ በቆሎን «የባሕር ማሽላ»፣ የሰው አገርን በጠቅላላው «ባሕር ማዶ» እንላለን። ጣናን የሚያህል ሐይቅ ሲገጥመንም ባሕር ብለነው፣ በዳርቻው የተቆረቆረችውን ከተማ ባሕር ዳር አልናት። ግጥም የምንሞካክር ሰዎችማ በዚህ ቃል ያልተጫወትነው ጨዋታ የለም። ፍቅርን ባሕር፣ ትዝታን ባሕር፣ መከራን ባሕር እያልን ስንኝ ስንቋጥር ኖረናል፤ ከመካከላችን ጨዋማውን ውኃ በእጁ የነካው ግን ጥቂት ነው። እኔም እስካሁን ከብዙኃኑ ወገን ነኝ።

ታዲያ የባንክ ሠራተኛ ደመወዝ በፈቀደው መጠን ለሦስት ዓመታት ቆጥቤ፣ የዓመት ፈቃዴን ይዤ ከባለቤቴ ጋር ወደ ባሕር ለመውረድ ሳቅድ፣ የመረጥኩት ዳሬሰላምን፣ ከፊት ለፊቷም ያሉትን የዛንዚባር ደሴቶች ነው። ይህን የሰሙ ባልደረቦቼ ሁሉ የተማከሩ ይመስል አንድ ዓይነት ምክር ለገሱኝ፦ «ዳሬሰላም ምንም የለውም፤ በቀጥታ ደሴቱ ላይ ውረድ፤ ነጩ አሸዋ ላይ ተጋደም።» የጉዞ ወኪሎች የሚያቀርቡት ጥቅልም ከዚሁ አይለይም። ሰባት ሌሊት በውኃው ዳር ሆቴል፣ ግማሽ ቀን «የከተማ ጉብኝት»። ይህ ጽሑፍ በዚያች ግማሽ ቀን ላይ የቀረበ ተቃውሞ ነው።

ተቃውሞዬ መጀመሪያ የገንዘብ ነው፤ በሙያዬም ቢሆን ከዚያ መጀመር ይቀናኛል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የአንድ ዶላር ዋጋ በብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ይህን ከመስኮቱ በስተጀርባ ተቀምጬ በየቀኑ የማየው ጉዳይ ስለሆነ ማስረጃ ፍለጋ አልሄድም። ስለዚህ በሰው አገር የምናድራት እያንዳንዷ ሌሊት ውድ ናት፤ ውድ ነገር ደግሞ በአገር ውስጥ ለማይገኝ ዕቃ ብቻ ነው የሚወጣው። አሸዋና ፀሐይ ከሆነ የምፈልገው ላንጋኖ ምን አለኝ? ላንጋኖ አሸዋም፣ ፀሐይም፣ የሚዋኙበት ውኃም አለው። ከላንጋኖ የማላገኘው ሰዎች በውኃ መንገድ እየተመላለሱ፣ እየተሻሻጡ፣ እየተጋቡና እየተገዳደሉ የሠሩትን ከተማ ነው።

ዳሬሰላም ምንም የለውም ማለት ደግሞ የማያውቁትን መናቅ ነው። ስሟ የሰላም ማረፊያ ማለት ሲሆን፣ የዛንዚባሩ ሱልጣን ማጂድ በ1860ዎቹ የቆረቆራት ከተማ ናት። (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዘመኑን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ጀርመኖች የምሥራቅ አፍሪካ ቅኝ ግዛታቸው መናገሻ አደረጓት፤ ከእነርሱ እንግሊዞች ወረሷት። ለእኛ ቅርብ የሆነው ታሪኳ ግን ከነጻነት በኋላ ያለው ነው። በግንቦት 1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አዲስ አበባ ላይ ሲመሠረት ያቋቋመው የነጻነት ኮሚቴ ጽሕፈት ቤቱ ዳሬሰላም ሆነ። አዳራሹና ንግግሩ እኛ ጋ፣ ስደተኞቹ ታጋዮች እነርሱ ጋ። የሞዛምቢኩ ፍሬሊሞ በ1962 የተመሠረተው በዚያች ከተማ ነው። ቼ ጉቬራ ከኮንጎው ሽንፈት በኋላ በ1965 መጨረሻ ኩባ ኤምባሲ ውስጥ ተደብቆ ማስታወሻውን የጻፈው እዚያው ነው። ዋልተር ሮድኒም አውሮፓ አፍሪካን እንዴት ወደ ኋላ እንዳስቀረቻት የሚተነትነውን ዝነኛ መጽሐፉን በ1972 ያሳተመው በዩኒቨርሲቲዋ ሲያስተምር በነበረበት ዘመን ነው። መጽሐፍ ወዳድ ነኝ የሚል ሰው ይህችን ከተማ ከአውሮፕላን ማረፊያዋ ሳይወጣ ካለፋት፣ ሽፋኑን አይቶ መጽሐፉን ወደ መደርደሪያ እንደመለሰ ቁጠሩት።

ስለዚህ ሦስት ሌሊት መድቤላታለሁ። አንደኛውን ማለዳ በኪቩኮኒ የዓሣ ገበያ፣ ሁለተኛውን በብሔራዊ ሙዚየም እናሳልፋለን። በሦስተኛው ቀን ከምሳሳኒ በጀልባ ተነሥተን ትንሿን የቦንጎዮ ደሴት አይተን እንመለሳለን፤ ባለቤቴ አሸዋዋን ከዚያ ትጀምር።

በነገራችን ላይ፣ አገሩ ለአማርኛ ተናጋሪ የሚመስለውን ያህል ባዕድ አይደለም። የሰዓት ልዩነት የለንም፤ ከዚያም በላይ ስዋሂሊ ተናጋሪው ሰዓቱን የሚቆጥረው እንደ እኛው ከንጋት ጀምሮ ነው። እኛ ጠዋት «ሁለት ሰዓት» ስንል እርሱም «ሳአ ምቢሊ» ይላል፤ ትርጉሙ ያው ሁለት ሰዓት ነው። (የመርከብ ትኬት ላይ የሚታተመው ግን የአውሮፓውያኑ ሰዓት ስለሆነ ልብ ይባል።) ስዋሂሊ ከዓረብኛ የወሰዳቸው ቃላትም ለጆሯችን ዘመድ ናቸው፤ ባሕር «ባሃሪ» ነው፣ ደም «ዳሙ» ነው። ቁጥር ስቆጥር የምውል ሰው ስለሆንኩ ይበልጥ ያስደሰተኝ ሰባት «ሳባ»፣ አርባ «አሮባይኒ»፣ ሃምሳም «ሃምሲኒ» መባሉ ነው።

ከዳሬሰላም ወደ ዛንዚባር በአውሮፕላን መሄድ ይቻላል፤ እኔ ግን መርከቡን እመክራለሁ። ጉዞው ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ስቶን ታውን የሚሏት አሮጌዋ የድንጋይ ከተማ ፊቷን ወደ ባሕር አድርጋ የተሠራች ስለሆነች፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ በታክሲ የሚደርስባት ሰው በጓሮ በር እንደገባ እንግዳ ነው። በባሕሩ በኩል የሚመጣ ግን ሱልጣን ባርጋሽ በ1883 ያሠራውን፣ «የድንቅ ቤት» የሚባለውን ቤተ መንግሥት ከፊት ለፊቱ ያገኘዋል። ይኸው ሕንፃ በታኅሣሥ 2020 በከፊል ተደርምሷል፤ መፍረሱም የከተማዋ ታሪክ አካል ነው።

ከመሄዴ በፊት አብዱልራዛክ ጉርናህን እያነበብኩ ነው። በ1948 ዛንዚባር ተወልዶ፣ ከ1964ቱ አብዮት በኋላ በወጣትነቱ ወደ እንግሊዝ የተሰደደ፣ በ2021 የኖቤልን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት የተቀበለ ደራሲ ነው። በ1994 ያሳተመው «ገነት» የተሰኘው ልቦለድ ዩሱፍ የተባለ ልጅ ታሪክ ነው። ልጁ «አጎትህ ነው» ከተባለ ባለጸጋ ነጋዴ ጋር ከቤቱ ይወጣል፤ ቆይቶ ሲገባው ሰውየው አጎቱ አይደለም፤ አባቱ ለነጋዴው ላለበት ዕዳ የሰጠው መያዣ ራሱ ዩሱፍ ነው። «መያዣ» የሚለውን ቃል በቀን ስንቴ እንደምጽፈው እኔ ነኝ የማውቀው፤ ቤት፣ መኪና፣ የግንባታ መሣሪያ። ያንን መጽሐፍ ካነበብኩ ወዲህ ቅጹ ላይ ስጽፈው ቃሉ እንደ ቀድሞው ቀላል አልሆነልኝም። የእነ ዩሱፍን ዓለም የፈጠሩት ነጋዴዎች የወጡት ከዚህችው የባሕር ዳርቻ ነው፤ ዛሬ ጎብኚ የሚጋደምበት አሸዋም የእነርሱ ጀልባ ማቆሚያ ነበር።

የባሪያ ገበያው በሱልጣኑና በእንግሊዝ ስምምነት በ1873 ተዘጋ፤ በቦታው ላይ የአንግሊካን ካቴድራል ቆመ። ጥቅሉን የገዛ ጎብኚ ይህን በግማሽ ቀኗ ውስጥ ያየዋል፤ ፎቶ ያነሣል፤ ያዝናል፤ ለምሳ ወደ ሆቴሉ ይመለሳል። እኛ ግን እዚያ ቆመን የምናየው ነገር የሌላ ሰው ታሪክ ብቻ አይደለም።

ሳልሜ የተባለች የሱልጣን ሰዒድ ልጅ ነበረች። በ1844 ዛንዚባር ተወለደች፤ ከአንድ ጀርመናዊ ነጋዴ ጋር ተዋድዳ በ1866 ከደሴቱ አመለጠች፤ በ1886 ደግሞ ኤሚሊ ሩተ በሚለው የክርስትና ስሟ የሕይወቷን ታሪክ በጀርመንኛ አሳተመች። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ በአባቷ ቤተ መንግሥት ስለነበሩት ሴቶች ስትተርክ ሁለት ወገኖችን ለይታ ታነሣለች፤ አንደኛዎቹ እንደ እናቷ ከቼርኬስ የመጡት ናቸው፣ ሁለተኛዎቹ ሐበሾች። ነጫጮቹ ዋጋቸው ከፍ ያለ መሆኑን ስለሚያውቁ ከሐበሾቹ ጋር በአንድ ማዕድ መቅረብ እንኳ አይወዱም ነበር ትለናለች። ሁለቱም ወገን ግን የተገዛ ነው።

በዚያ ዘመን «ሐበሻ» ተብላ የተሸጠች ሴት ከኦሮሞም፣ ከከፋም፣ ከጉራጌም፣ ከሲዳማም ልትሆን ትችላለች፤ ገዢው ግድ አልነበረውም። ከአገሯ ያወጧት ግን ዓረቦች ብቻ አይደሉም። እስከ ታጁራና እስከ ምጽዋ ወደብ ድረስ የነዳት፣ በየኬላው ቀረጥ የተቀበለባት፣ መጀመሪያም ከእናቷ ጉያ የነጠቃት የአገሯ ሰው ነው። ዛንዚባር የባርነትን ሕጋዊነት ያነሣችው በ1897 ነው፤ የእኛ ቁርጥ ያለ አዋጅ የወጣው በ1942 ነው። ለዚህ ነው እዚያ ከተማ አራት ሌሊት የመደብኩት። የሱልጣኖቹ የባሕር ዳር ቤተ መንግሥት ዛሬ ሙዚየም ነው፤ ለሳልሜ መታሰቢያ የሚሆን ክፍልም አለው። ለሐበሾቹ ሴቶች የአማርኛ ስንኝ የሚቋጥርላቸው ሰው ቢመጣ፣ በግማሽ ቀን ጉብኝት ውስጥ ከአስጎብኚ ጃንጥላ ጀርባ ተሰልፎ ባይሆን እመርጣለሁ።

ቅርንፉዱም እንዲሁ ነው። ሻያችን ውስጥ ጣል የምናደርጋት ያቺ ትንሽ ጥቁር እንጨት ዛንዚባርን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያበለጸገች ናት፤ እርሻዎቹን የሠራው ደግሞ የባሪያ ጉልበት ነው። የቅመም እርሻ ጉብኝት የሚሉት አስደሳች ነገር አለ፤ ቅርንፉድ፣ ቀረፋ፣ ቁንዶ በርበሬ በየተክሉ ላይ ያሳዩሃል፣ ያሸትቱሃል። አልቃወምም፤ እኔም እሄዳለሁ። ግን ከገበያው በኋላ ነው የምሄደው፣ በፊት አይደለም።

ትንንሾቹን ደሴቶች በአጭሩ ልለፋቸው። ቻንጉ በተለምዶ «የእስር ቤት ደሴት» ትባላለች፤ በ1890ዎቹ የተሠራው እስር ቤት ግን እስረኛ ሳይገባበት ቀርቶ ለበሽተኞች ማግለያ ዋለ። ዛሬ ሰው የሚሄደው ከሲሸልስ የመጡትን ግዙፍ ኤሊዎች ለማየት ነው። ቹምቤ የተከለለ የባሕር ዛጎል ድንጋይና የዓሣ መጠበቂያ አላት፤ ለኪሳችን ትከብዳለች። ከዚያ በኋላ የሚቀሩት ሦስት ሌሊቶች የምሥራቁ ዳርቻ ናቸው። እዚያ ማወቅ የሚያስፈልገው ባሕሩ በቀን ውስጥ ርቆ እንደሚሸሽና እንደሚመለስ ነው። ውኃው በሸሸበት ሰዓት መዋኘት የለም፤ ሴቶች በተገለጠው መሬት ላይ የተከሉትን የባሕር አረም ሲሰበስቡ ይታያሉ። ቀኑን ሙሉ መዋኘት የሚሻ ሰው ወደ ሰሜኑ ጫፍ፣ ወደ ኑንጉዊ ቢሄድ ይሻለዋል።

ስለ ወቅቱ፦ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ዋናው ዝናባቸው ነው። አዲስ አበባ በሐምሌ ጭቃ ስትሆን ግን እነርሱ ጋ ደረቅና ነፋሻ ነው፤ ክረምትን አሳልፎ መምጣት ለሚፈልግ የተመቸ ነው። በጥቅምት 2025 በምርጫው ሰሞን ዳሬሰላም ውስጥ ሁከት ተነሥቶ ሰዓት እላፊ ታውጆ ስለነበር፣ ትኬት ከመቁረጥ በፊት ወሬ ማጣራት አይከፋም። በዳሬሰላም ገብቶ ከዛንዚባር መመለስ መንገድን ሁለት ጊዜ ከመሄድ ያድናል፤ አየር መንገዳችን ሁለቱም ጋ ይበራል።

በዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ እስካሁን የሰማሁት ጠንካራ ተቃውሞ የመጣው ከጉዞ ወኪል ሳይሆን ከገዛ ቤቴ ነው። ባለቤቴ ነርስ ናት። «አንተ ዓመቱን ሙሉ ተቀምጠህ ነው የምትውለው፤ እኔ ቆሜ ነው የምውለው» አለችኝ። «ለአንተ ከተማ መዞር ዕረፍት ነው፤ ለእኔ ግን ተጨማሪ ተረኛነት ነው።» ለዚህ የሚሆን መልስ ከሮድኒም ከጉርናህም አላገኘሁም። ከስቶን ታውን አራት ሌሊቶች አንዷ ተቀንሳ ለአሸዋው እንድትጨመር ጠይቃለች፤ እኔም የሳልሜን መጽሐፍ አንብባ ስትጨርስ ራሷ እንድትወስን ተስማማሁ። ትናንት ማታ ገጽ ስድሳ ላይ ነበረች፤ ስለ ሌሊቷ ገና አልተነጋገርንም።