የቲማቲም ጫፍ መጥቆር፦ የካልሲየም እጥረት ወይስ የውሃ ተራ?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ሸዋ ሮቢትን አለፍ ብሎ በሚገኘው ጀውሃና በዙሪያው ባለው የይፋት ቆላ በመስኖ ከሚለሙት አትክልቶች አንዱ ቲማቲም ነው። ይህን ሰብል ከሚያበላሹት ችግሮች መካከል የፍሬ ጫፍ መበስበስ ይገኝበታል። ገና አረንጓዴ የሆነው ፍሬ ከእጀታው ትይዩ ባለው ጫፉ ላይ ውሃ የቋጠረ የሚመስል ነጠብጣብ ያወጣል፤ ነጠብጣቡም እየሰፋ፣ እየጠቆረና እየሰረጎደ ይሄዳል። መልኩ በሽታ ስለሚመስል ፀረ ፈንገስ ይረጭበታል። ነገር ግን መነሻው ፈንገስ ሳይሆን በፍሬው ጫፍ የካልሲየም ማነስ ነው። ሮማን የመሳሰሉ ሞላላ ዝርያዎች ይበልጥ ይጎዱበታል።

ከዚህ ተነስቶ «ካልሲየም ካነሰ ካልሲየም ይጨመር» ማለት ቀላል ነው። ይሁን እንጂ አፈሩ በቂ ካልሲየም እያለውም ፍሬው ሊራብ ይችላል። ጥያቄው የመጠን ብቻ ሳይሆን የጉዞ ነው።

ካልሲየም በአብዛኛው በለጋ የሥር ጫፎች በኩል ይገባና ውሃ በሚያወጣው የዛይለም ቧንቧ ሽቅብ ይጓዛል። ስኳርን ከቅጠል ወደ ፍሬ በሚያደርሰው በፍሎየም በኩል ግን እምብዛም አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ቅጠል ላይ የደረሰ ካልሲየም ተመልሶ ለፍሬ አይተርፍም። ውሃው ደግሞ ትነት ወደሚበዛበት ያመራል። ቅጠል በቀዳዳዎቹ ብዙ ውሃ ያተናል፤ የቲማቲም ልጣጭ ግን እነዚህ ቀዳዳዎች የሉትም። በሞቃትና ነፋሻማ የቆላ ቀን አብዛኛውን ድርሻ ቅጠል ይወስዳል። ፍሬው ሲያድግ በውስጡ ያለው የዛይለም ሥራ ስለሚዳከም በመጀመሪያ የሚጎዳው ከመግቢያው እጅግ የራቀው ጫፍ ነው። ወሳኙ ጊዜም ፍሬው ከቋጠረ በኋላ ያሉት ሁለት ሳምንታት ገደማ ናቸው።

ይህ ከታወቀ የተለመዱት መፍትሔዎች ድክመት ግልጽ ይሆናል። ቅጠል ላይ የተረጨ ካልሲየም ወደ ፍሬው አይሻገርም፤ በለጋው ፍሬ ላይ በቀጥታ ካረፈ ብቻ በመጠኑ ይረዳል። ኖራም የአሲዳማ አፈር ማከሚያ እንጂ የውሃ መቆራረጥ መድኃኒት አይደለም። ዩሪያን ማብዛት ደግሞ ቅጠልን ያንዠረግጋል፤ ከእርሱ የሚወጣው አሞኒየምም ካልሲየም በሥር በኩል እንዳይገባ ይሻማል።

በመሆኑም ቀዳሚው ትኩረት የውሃው ተራ ሊሆን ይገባል። ተራው የራቀበት ገበሬ ማሳው ከደረቀ በኋላ ውሃ ሲደርሰው ያጥለቀልቀዋል። በደረቅ አፈር ካልሲየም አይጓዝም፤ በተጥለቀለቀ አፈርም ሥር አየር አጥቶ ሥራውን ያቆማል። ሌሊት ትነት ሲቀንስ የሥር ግፊት ውሃን ወደ ፍሬ ሊገፋ የሚችለውም አፈሩ እርጥበት ካለው ነው። ስለዚህ ቲማቲም የሚያስፈልገው ተጨማሪ ውሃ ሳይሆን ያንኑ ውሃ በትንሽ በትንሹና ቶሎ ቶሎ ማግኘት ነው።

ይህ በአንድ ገበሬ ብቻ የሚወሰን ጉዳይ አለመሆኑ እውነት ነው። የላይኛውና የታችኛው ተጠቃሚ ፍላጎት ይጋጫል፤ ሽንኩርትም ማንጎም ተራ ይጠብቃሉ። አፈርን አልብሶ እርጥበት መያዝም ዋጋ አለው፤ የማሽላ አገዳው ለከብት መኖ ይፈለጋልና። ሆኖም ቲማቲም ፍሬ በሚቋጥርባቸው ሁለት ሳምንታት የአንዱን ተራ ውሃ ለሁለት ከፍሎ ማድረስ ጎረቤትን ሳይጎዳ በስምምነት ሊሞከር ይችላል። የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማህበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 ገበሬዎች በማህበር ተደራጅተው መስኖአቸውን እንዲያስተዳድሩ መሠረት ጥሏል።

ተመራማሪዎችም ድርሻ አላቸው። የካልሲየም ርጭትን ብቻ የሚያወዳድር ሙከራ የውሃውን ተራ ካላካተተ ለገበሬው ግማሽ መልስ ብቻ ይሰጣል። የልማት ጣቢያ ሠራተኛም ጫፉ የጠቆረ ፍሬ ሲያይ «ምን ረጨህ?» ከማለቱ በፊት «ማሳህ መጨረሻ የጠጣው መቼ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ገበሬውን ከከንቱ ወጪ ያድነዋል።