የተዋናይ ወረቀት ወይስ የሠርግ ጥሪ?

አንድ ተዋናይ ወዳጄ ለኤጀንት ሊሰጠው ያዘጋጀውን የሥራ ልምድ መግለጫ እንዳይለት አመጣልኝ። አራት ገጽ ነው። የትውልድ ቀበሌው፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ፣ የኮምፒዩተር ሠርተፊኬቱ፣ «ከሕፃንነቴ ጀምሮ ያደረብኝ የጥበብ ፍቅር» የሚል ሐተታ፤ ምን የቀረ አለ! ዓመታት የደከመባቸው ቴአትሮች ግን መጨረሻው ገጽ ላይ በሁለት መስመር ታጭቀዋል። ይባስ ብሎ፣ ዘበኛ ሆኖ «ጌታዬ የሉም» ብቻ ያለበት ፊልም «መሪ ተዋናይ» ተብሎ ተመዝግቧል።

ብጠይቀው «ሁሉም የሚያደርገው ነው» አለኝ።

ሁሉም ስላደረገው ልክ ይሆናል? ለመሆኑ ኤጀንት ምን የሚሠራ ሰው ይመስለናል? ሙያው ሥርዓት በያዘበት በአሜሪካ የተዋንያን ኤጀንት የተለመደ ድርሻው ከተዋናዩ ክፍያ 10 በመቶ ነው። ተዋናዩ ሥራ ካላገኘ እሱም ጦሙን ያድራል። ስለዚህ የሚፈልገው ውዳሴ ሳይሆን ለአዘጋጅ ሳያፍር የሚያቀርበው ሰው ነው። ወረቀቱም እዚያ አንድ ገጽ ብቻ ነው፤ 8 በ10 ኢንች ከሆነው ፎቶግራፍ ጀርባ እንዲያያዝ ተደርጎ ሲሠራ የኖረ። ፊልሙ ለብቻ፣ ቴአትሩ ለብቻ ተለይቶ የሥራው ርእስ፣ የተጫወተው ሚና፣ የአዘጋጁ ወይም የቴአትር ቤቱ ስም ይሰፍራል። ሥልጠናና ልዩ ችሎታ ይከተላሉ። የትውልድ ዘመን አይጻፍም። ፈረስ እጋልባለሁ ያለ ደግሞ ኮርቻው ሲቀርብለት መውጣት አለበት።

«እውነቱን ብቻ ከጻፍኩ ወረቀቴ ባዶ ይሆናል» የሚሉ አሉ። ባዶ አይሆንም፤ አጭር ይሆናል። ማጠር ነውር አይደለም። ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ ባለው በአገር ፍቅር፣ ወይም በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው በብሔራዊ ቴአትር መድረክ ላይ የተጫወቱት አንዲት ትንሽ ሚና፣ ከአዘጋጁ ስም ጋር ስትጻፍ፣ ከአሥር የፈጠራ «መሪ ተዋናይ» ትበልጣለች። ምስክር አላትና!

የእኛ የሙያ መንደር ደግሞ ጠባብ ነው። አንድ ስልክ ከተደወለ ውሸቱ ይጋለጣል። የሚጎዳውም ዋሾው ብቻ አይደለም። ሦስት ጊዜ የተታለለ ኤጀንት አራተኛውን ወረቀት ሳያነብ ይጥለዋል፤ ያ አራተኛው ደግሞ በእውነት መሪ ሆኖ የተጫወተ ሰው ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ ሚና የሚገኘው በችሎታ ሳይሆን በትውውቅ ሆነ ብለን እናማርራለን። ወረቀቱን ከዋጋ ያወረድነው እኛው አይደለንምን?

ወዳጄ ሆይ፣ ትወናውን ለመድረኩ ተውለት። ወረቀቱ ላይ አትተውን።