የማደንዘዣ ነርስ ችሎታ በእጅ ሥራ ብቻ አይለካም

በሽተኛ ለኦፕራሲዮን በገባ ጊዜ ዘመድ አዝማድ በረንዳ ላይ ሆኖ የሚጸልየው ለቀዳጁ ሐኪም እጅ ነው። ከራስጌው ቆሞ ትንፋሹን የሚጠብቀውን ሰው ግን ስሙን እንኳ የሚጠይቅ እምብዛም የለም። በአገራችን ይህን ሥራ በብዛት የሚፈጽሙት ስፔሻሊስት ሐኪሞች ሳይሆኑ፣ በማደንዘዣ ሙያ የሠለጠኑ ነርሶችና ሌሎች ባለሙያዎች ናቸው። በሽተኛው እስኪነቃ ድረስ ሕይወቱ የእነርሱ አደራ ነው። እንግዲህ የዚህ አደራ ጠባቂ ችሎታ በምን ይለካል ብሎ መጠየቅ የሁላችንም ጉዳይ ይመስለናል።

የተለመደው መልስ ቀላል ነው። መድኃኒቱን በልኩ ያውቃል ወይ? የመተንፈሻውን ቱቦ በትክክል ያስገባል ወይ? መሣሪያውን አጥርቶ ያውቀዋል ወይ? እነዚህ ሁሉ የግድ አስፈላጊዎች ናቸው፤ ይሁን እንጂ ብቻቸውን አይበቁም።

እ.ኤ.አ. በ2005 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር የሆነውን እንመልከት። አንዲት የሁለት ልጆች እናት ለቀላል የሳይነስ ኦፕራሲዮን ማደንዘዣ ከተሰጣት በኋላ የአየር መተላለፊያዋ ተዘጋ። ልምድ ያላቸው ሐኪሞች ቱቦ ለማስገባት ደጋግመው ሲታገሉ ጊዜው ነጎደ። አንዲት ነርስ አንገትን ቀዶ አየር የሚያስገባውን መሣሪያ አቅርባ መምጣቱን ብትናገርም ሰሚ አላገኘችም። ነርሶቹ ምን መደረግ እንዳለበት ያውቁ እንደ ነበር በኋላ ተናግረዋል፤ ነገሩን እንዴት አድርገው እንደሚያነሡት ግን ግራ ገብቷቸው ነበር። ሴትዮዋ ከ13 ቀን በኋላ ዐረፈች። በዚያ ክፍል ዕውቀትም መሣሪያም አልታጣም ነበር፤ የታጣው የሚደፍር አንደበትና የሚሰማ ጆሮ ነው።

ባለቤቷ ማርቲን ብሮሚሌይ የአይሮፕላን አብራሪ ነበርና ነገሩ ከሙያው ትምህርት ጋር ተገጣጠመበት። እ.ኤ.አ. በ1977 ዓ.ም. በቴኔሪፍ ደሴት ሁለት አይሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰዎች ባለቁበት አደጋ፣ ከግጭቱ ጥቂት ሴኮንዶች በፊት የበረራው መሐንዲስ ሌላው አይሮፕላን ከመንደርደሪያው ወጥቶ እንደ ሆነ ጠይቆ ነበር፤ አለቃው ግን ጥርጣሬውን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ከዚህና ከመሰል አደጋዎች በኋላ አብራሪዎች ስለ መነጋገርና ስለ ማዳመጥ ይሠለጥናሉ፤ በዚያም ይፈተናሉ።

ለማደንዘዣ ሙያም እንዲህ ያለ መለኪያ ተበጅቷል። የስኮትላንድ ማደንዘዣ ሐኪሞችና የአበርዲን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቡና ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2003 ዓ.ም. ያሳተሙት መለኪያ ችሎታውን በአራት ይከፍለዋል፤ ይኸውም ሥራን አስቀድሞ አዘጋጅቶ ማካሄድ፣ ከባልደረባ ጋር ተባብሮ መሥራት፣ በዙሪያ የሚሆነውን ነቅቶ መከታተልና በጊዜው መወሰን ናቸው። ለእያንዳንዱም ከ1 እስከ 4 ነጥብ ይሰጣል። ኋላም የዴንማርክ ባለሙያዎች ይህንኑ ለማደንዘዣ ነርሶች እንዲስማማ አድርገው አዘጋጅተውታል።

«ጠባይ እንዴት ይለካል? ፈታኙ ወዳጁን ይጠቅምበታል፣ ያልወደደውን ይጎዳበታል» የሚል ይኖራል። ሥጋቱ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን የሚለካው ጠባይ ሳይሆን የታየና የተሰማ ሥራ ነው። የደም ግፊቱ ሲወርድ ለቀዳጁ ነገረው ወይስ ዝም አለ? መድኃኒት አምጡ ሲል ለማን እንደ ተናገረ ለይቷል ወይ? ያዘዘው መሰማቱንስ አረጋግጧል ወይ? ለማየት አጋጣሚ ያልተገኘለት ነገር አልታየም ተብሎ ይጻፋል እንጂ እንደ ጥፋት አይቆጠርም። ፈታኞቹም አስቀድመው መሠልጠን፣ ነጥባቸውንም እርስ በርስ ማስተያየት ይገባቸዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ መለኪያው በመጀመሪያ ለማስተማሪያ እንጂ ለመክሰሻ እንዳይውል መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ሰው የሚቀጣበት መሆኑን ካወቀ ስሕተቱን ይሸሽጋልና።

ይህ ነገር ለእኛ አገር የበለጠ ያስፈልጋል የምንልበት ምክንያት አለን። በታላቅ ፊት ዝም ማለት ከጨዋነት ተቆጥሮ አድገናል። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» እየተባለ ተቀልዶብናል። ይህ በማዕድ ዙሪያ መልካም ሥርዓት ሊሆን ይችላል፤ በኦፕራሲዮን ክፍል ግን ነፍስ ያስጠፋል። አክብሮት ይቅር ማለታችን አይደለም። «ዶክተር፣ ኦክሲጅኑ እየወረደ ነው፤ እባክዎ ለጥቂት ጊዜ ያቁሙልኝ» የሚል ነርስ ትሕትናውንም ሥራውንም አሟልቷል። ሰሚ ባጣ ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይድገመው፤ ያም ካልሆነ ሌላ ረዳት ይጥራ። ይህ በተፈጥሮ የሚመጣ ድፍረት ሳይሆን፣ እንደ መርፌ አወጋግ በልምምድ የሚገኝ ሙያ ነው።

ፍርዱ ግን በአንድ ወገን ብቻ እንዳይሆን። ነርሱ በመናገሩ ከተመዘነ፣ ቀዳጁ ሐኪም በማዳመጡ ሊመዘን ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ዓ.ም. ባወጣው የኦፕራሲዮን ጥንቃቄ ዝርዝር ላይ፣ ቆዳ ከመቀደዱ በፊት በክፍሉ ያሉት ሁሉ ስማቸውንና የሥራ ድርሻቸውን እንዲናገሩ ታዟል። ይህም ለይስሙላ አይደለም፤ አንድ ጊዜ ስሙን ተናግሮ የተሰማ ሰው ችግር ሲመጣ አንደበቱ ይፈታለታልና። ዝርዝሩ ሳይነበብ ምልክት ብቻ የሚደረግበት ከሆነ ግን ከወረቀትነት አያልፍም።

ስለዚህ የማደንዘዣ ትምህርት ቤቶች ተማሪውን በወረቀት ጥያቄ ብቻ መዝነው እንዳያሰናብቱት እናሳስባለን። እንደ ሰው በተሠራ ምስል ላይ ድንገተኛ ችግር ፈጥረው፣ አለቃው ሲሳሳት ምን እንደሚል ይስሙት። እናንተም በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ወጣት ሹማምንት፣ ነገሩ የሐኪም ቤት ብቻ ነው አትበሉ። ከበታቻችሁ የተቀመጠው ጸሐፊ ያየውን ስሕተት ሊነግራችሁ ይደፍር እንደ ሆነ ራሳችሁን መርምሩ። የማይደፍር ከሆነ፣ ዝቅተኛ ነጥብ የሚገባው ለእርሱ ብቻ አይደለም።