ቀበሪቾን ላቦራቶሪ ብቻውን አያድነውም

በካቺሲና በዙሪያዋ ቀበሌዎች ያላችሁ አርሶ አደሮች፣ ዛሬ ስለ ማዳበሪያ አላወራም። ሰሞኑን አንድ አባት "የመድኃኒት ተክልም እንደ ድንቹ በላቦራቶሪ ይባዛል አሉ፤ እውነት ከሆነ የዳማከሴና የቀበሪቾ ችግኝ ለምን አታመጡልንም?" ብለው ጠየቁኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን ለሁለቱ ተክሎች አንድ አይደለም።

ቲሹ ካልቸር የሚባለውን በድንቹ በኩል ሳትሰሙ አትቀሩም። ጉደኔና በለጠን ባወጣው በሆለታ ምርምር ማዕከል፣ ከበሽታ ነፃ የሆነው የድንች ዘር መነሻው በብልቃጥ ውስጥ የሚያድግ ቡቃያ ነው። ከእናት ተክል ጫፍ ጥፍር የማታህል ቁራጭ ይወሰዳል፤ በአልኮልና በበረኪና ይጸዳል። ከዚያ ስኳርና ማዕድን ባለበት፣ እንደ ጄሊ በረጋ ምግብ ላይ በብልቃጥ ይቀመጣል። ምግቡ ውስጥ የእድገት ሆርሞን ስላለ ቁራጯ ብዙ ቡቃያ ታወጣለች፤ ቡቃያው ተነጣጥሎ ወደ ሌላ ብልቃጥ ይገባል፤ እንዲህ እየተደጋገመ ይበዛል። በመጨረሻ ሥር እንዲያወጣ ተደርጎ ወደ አፈር ይወጣል። ብዙው የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። በእርጥበት ውስጥ ተቀማጥሎ ያደገ ቅጠል ፀሐይና ነፋስ አይችልም፤ በጥላና በፕላስቲክ ሥር ቀስ በቀስ ማለማመድ ይፈልጋል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ድካም ለዳማከሴ ምን ያደርጋል? ዳማከሴ፣ ኮሰረት፣ ጤና አዳም እኮ ክረምት ሲገባ ቅርንጫፍ ቆርጦ መትከል ይበቃቸዋል። "የላቦራቶሪ ዳማከሴ ነው" ብሎ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ሰው ቢመጣ አትክፈሉ፤ ጎረቤታችሁ በነፃ ይሰጣችኋል።

የቀበሪቾ ነገር ግን ሌላ ነው። ከኢትዮጵያ ውጪ በተፈጥሮ የማይገኝ ተክላችን ነው። የሚፈለገው ሥሩ ነው፤ ለአራስ ቤት ይታጠናል፣ ለሳልና ለጉንፋን ይጨሳል። ሥሩ ከተቆፈረ ተክሉ አለቀ። አበባው ላይ ያለው እሾሃማ ኳስ ዘሩን ሳያረግፍ ከተነቀለ ደግሞ የሚቀጥለው ትውልድም አብሮት ይሄዳል። ጤፍና ስንዴ ያልደረሰበት ዳገት በየዓመቱ እያነሰ ነው። ገበያ ላይ የታሰረውን ሥር ስታዩ እስቲ አስተውሉ፤ ውፍረቱ ድሮ እንደምታውቁት ነው?

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቀበሪቾን በቲሹ ካልቸር የማባዛት ሥራ የሠሩት አደጋ ላይ ስለሆነ ነው። ደስ ይላል፤ ቲሹ ካልቸር ለሕክምና ተክል ከዋለ መዋል ያለበት ለእንደዚህ ዓይነቱ ነው። ነገር ግን በምርምር ጽሑፍ ላይ ያለ ችግኝና ግንደበረት የደረሰ ችግኝ ይለያያሉ። እኔ እስከ ዛሬ ለአርሶ አደር የማድለው አንድም የቀበሪቾ ችግኝ እጄ አልገባም። ደግሞ ነገ ሺህ ችግኝ በመኪና ቢመጣ የት ነው የምንተክለው? የወል መሬት ላይ ከሆነ ዓመት ሳይሞላው ዶማ የያዘ ሁሉ ነቅሎ ለነጋዴ ያስረክበዋል። እኛም የግብርና ሰዎች ከጥፋቱ አናመልጥም፤ በየክረምቱ ችግኝ ትከሉ እያልን ስንወተውት ስለ ባሕር ዛፍና ስለ ግራቪሊያ እንጂ ስለ ቀበሪቾ ተናግረን አናውቅም።

ሌላም አለ። በብልቃጥ የሚባዛ ተክል የእናቱ ግልባጭ ነው። ኮሶን ውሰዱ፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ ጥናት በቲሹ ካልቸር ተባዝቷል። ኮሶ ወንዱና ሴቷ ለየብቻ ዛፍ ናቸው። ለመድኃኒት የምትፈለገው ሴቷ ናት ብለን ከአንዲት ሴት ዛፍ ብቻ አባዝተን አገሩን ብንሞላው፣ በአካባቢው ወንድ ከሌለ ፍሬያማ ዘር ከየት ይመጣል? ስለዚህ ላቦራቶሪ ቢመጣም በየዳገቱ የቀረው የተለያየ ተክል ያስፈልገናል።

እስከዚያው የምለምናችሁ ይህን ነው። ቀበሪቾ የምትቆፍሩ ከሆነ ዘሩ እስኪረግፍ ታገሱ፤ ጥቂት ዘርም ለቅማችሁ በጓሮ አጥር ሥር፣ ከብት በማይደርስበት ቦታ ዝሩ። ሥሩን ስትወስዱ ቡቃያ ያለበትን አንገቱን ቆርጣችሁ ወደ ጉድጓዱ መልሱት። ሁሉም ይጸድቃል አልላችሁም፤ ግን አንገቱ ገበያ ላይ ብዙ ዋጋ አያወጣላችሁም፣ መሬት ውስጥ ቢያንስ ዕድል አለው። ጓሮው ቀበሪቾ ያለው ሰው ካለ ደግሞ ዘሩ ከመርገፉ በፊት ይንገረኝ፤ መጥቼ አብረን እንለቅማለን፣ ግማሹን ለሌላው ቀበሌ እወስዳለሁ።